ማስት ሴልን በቆዳ ናሙና ላይ መለየትና መቁጠር፦ ከፓንች ባዮፕሲ እስከ ሪፖርት

«በአንድ ፊልድ ስንት ማስት ሴል ሲኖር ነው በዛ የሚባለው?» የመመረቂያ ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎችና የሂስቶሎጂ ላብ ባልደረቦች ደጋግመው የሚልኩልኝ ጥያቄ ይህ ነው። ማስት ሴል በአለርጂ ጊዜ ሂስታሚን የሚለቅ የሰውነት መከላከያ ሴል ነው፤ ፊልድ ደግሞ በማይክሮስኮፕ በአንድ እይታ የሚታየው ክብ ቦታ ነው። አንድ ቁጥር ጠርቼ ብመልስ አሳስታችኋለሁ። የእናንተ ማይክሮስኮፕ ፊልድ ከእኔው ሊሰፋም ሊጠብም ይችላል። ናሙናው ከፊት ይሁን ከጀርባ አላውቅም። በምን እንደቀለማችሁትም አልነገራችሁኝም። ስለዚህ ከናሙናው አወሳሰድ ጀምሬ እስከ ሪፖርቱ ድረስ በተራ እጽፈዋለሁ። የምንሠራው ቶሉዲን ብሉ በሚባል ማቅለሚያ ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ተራ ማይክሮስኮፕ ይበቃዋል። ኢሚውኖ ስቴይን (በአንቲቦዲ መቅለም) የምትሠሩ መጨረሻ ላይ የእናንተ ክፍል አለ።

የምንፈልገውን እንወቅ

ማስት ሴል ከ8 እስከ 20 ማይክሮን ስፋት አለው። ክብ፣ ሞላላ ወይም እንደ እንዝርት ቀጠን ያለ ሊሆን ይችላል። ኒውክለሱ አንድ ነው፤ ክብ ወይም ሞላላ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መሃል ይቀመጣል። ዙሪያው በጥቃቅን ግራኑሎች የታጨቀ ነው። ሄፓሪን፣ ሂስታሚንና ትሪፕቴዝ የሚገኙት እነዚህ ግራኑሎች ውስጥ ነው። ቆዳ ላይ የሚኖረው በዴርሚስ፣ ማለትም ከላይኛው ሽፋን ከኤፒደርሚስ ሥር ባለው ክፍል ነው። ይበልጡን የሚገኘው በላይኛው ዴርሚስ፣ በትናንሽ የደም ሥሮች፣ በነርቮች፣ በፀጉር ሥርና በላብ ዕጢ ዙሪያ ነው። በተራው ኤች ኤንድ ኢ (ሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን) ስቴይን ግራኑሎቹ በደንብ ስለማይታዩ ከሌላ ሴል ጋር በቀላሉ ይምታታል። በኤች ኤንድ ኢ ብቻ የተቆጠረ ቁጥር ብትልኩልኝ አላምነውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 4 ሚ.ሜ ፓንች ባዮፕሲ (በክብ መቁረጫ የሚወሰድ የቆዳ ናሙና)፣ ወይም ቀድሞ የተዘጋጀ የፓራፊን ብሎክ
- 10 በመቶ ኒውትራል ባፈርድ ፎርማሊን
- ቶሉዲን ብሉ ኦ (ዱቄት)
- ኢታኖል፦ 70፣ 95 እና 100 በመቶ
- ሶዲየም ክሎራይድ፣ የላብ ንጹሕ። የወጥ ቤት ጨው አይሁን፤ አዮዲንና ሌላም የተጨመረበት ነው።
- 1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ
- ፒኤች ሜትር። ከሌለ በ2 እና በ3 መካከል ያለውን ልዩነት ለይቶ የሚያሳይ የፒኤች ወረቀት
- ዲስቲልድ ውሃ፣ ዛይሊን፣ ማጣበቂያ (ማውንቲንግ ሚዲየም)፣ ኮቨር ስሊፕ
- 10፣ 20 እና 40 ኦብጀክቲቭ ያለው ማይክሮስኮፕ
- በዓይን ሌንስ ውስጥ የሚገባ የካሬ ግሪድ፣ 10 በ10 ሚ.ሜ
- ስቴጅ ማይክሮሜትር (1 ሚ.ሜ በ100 የተከፈለበት ስላይድ)
- የእጅ መቁጠሪያ
- ማስት ሴል እንዳለው የምታውቁት የመቆጣጠሪያ ስላይድ

ማስጠንቀቂያ። ፎርማሊን ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ኬሚካል ነው። ዛይሊን በትነቱ ይጎዳል፣ በእሳትም ቶሎ ይያያዛል። ሁለቱንም ጓንት አድርጋችሁ፣ አየር ሳቢ ባለበት ቦታ ተጠቀሙ። መስኮት መክፈት አይበቃም። ናሙናው ለጥናት ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የታካሚው ስምምነት ቀድሞ መኖር አለበት። ማስትሴል መብዛት የተጠረጠረበት ታካሚ ከሆነ ደግሞ ባዮፕሲውን የሚወስደው ሐኪም ቀድሞ ይወቀው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ከባድ አለርጂ የመሰለ ምላሽ ሊነሳ ስለሚችል የድንገተኛ መድኃኒት በእጅ መኖር አለበት።

1. ቆዳውን ሳትነካኩ ናሙናውን ውሰዱ

ይህን የሚሠራው ሐኪሙ ነው። ላብ ያላችሁትም ግን ንገሩት፤ ያልተነገረው ሰው ቦታውን በአልኮል ጥጥ ፈትጎ ፈትጎ ነው የሚወጋው። ማስት ሴል ሲታሽ ግራኑሉን ይለቃል። ግራኑሉን የለቀቀ ሴል ደግሞ ቀለም አይዝም፤ ሴሉ እያለ እናንተ አታዩትም። ስለዚህ ቦታው አይታሽ፣ አይቧጠጥ። ማደንዘዣው ቁስሉ ላይ ሳይሆን ዙሪያውን ይወጋ። የተቆረጠው ቆዳ በፒንሴት አይጨመቅ፤ በመርፌ ጫፍ ቀስ ብሎ ይነሳ።

ፎርሙ ላይ የሰውነት ክፍሉ በትክክል ይጻፍ። «ክንድ» አይበቃም፤ የላይኛው ወይስ የታችኛው፣ የውስጥ ወይስ የውጭ በኩል? በጤነኛ ሰውም ቢሆን የማስት ሴል ብዛት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ፊት፣ እጅና እግር ላይ ከደረትና ከጀርባ ይበዛል። የታማሚን እጅ ከጤነኛ ሰው ጀርባ ጋር ብታወዳድሩ የምታገኙት ልዩነት የበሽታው ላይሆን ይችላል።

2. ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ ክተቱ

የፎርማሊኑ መጠን ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ለ4 ሚ.ሜ ፓንች ከ6 እስከ 24 ሰዓት ይበቃል። ለሳምንታት ፎርማሊን ውስጥ የከረመ ናሙና ቀለሙ ይደክማል። የአንጀት ማስት ሴል በዚህ በኩል በጣም ስስ ነው፤ የቆዳው የተሻለ ይቋቋማል። ቢሆንም ግማሹን ናሙና በማግስቱ፣ ግማሹን በወሩ ፕሮሰስ አድርጋችሁ አታወዳድሩ።

3. ብሎኩን አቁማችሁ አስገቡ፣ በ4 ማይክሮን ቁረጡ

ናሙናው ፓራፊን ውስጥ ሲገባ በጎኑ መቆም አለበት። ከላይኛው ቆዳ እስከ ስቡ ድረስ ያለው ሁሉ በአንድ ሴክሽን (ስስ ቁራጭ) መታየት ይኖርበታል። አግድም ከተቆረጠ ኤፒደርሚሱ በዴርሚሱ መሃል እንደ ደሴት ይታያል። ያኔ ጥልቀት መለየት አትችሉም፣ ቆጠራውም ዋጋ የለውም።

ውፍረቱ ለሁሉም ናሙና አንድ ዓይነት ይሁን። ወፍራም ሴክሽን ብዙ ኒውክለስ ስለሚይዝ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ከእያንዳንዱ ብሎክ ሁለት ደረጃ (በተለያየ የብሎኩ ጥልቀት የተቆረጡ ሴክሽኖች) ውሰዱ፤ በመካከላቸው ቢያንስ 50 ማይክሮን ይጣል። ጎን ለጎን የተቆረጡ ሴክሽኖችን ከቆጠራችሁ አንዱን ሴል ሁለቴ ትቆጥሩታላችሁ። ከአንዱ ደረጃ አጠገብ አንድ ተጨማሪ ሴክሽን ሳትቀልሙ አስቀምጡ። ጥቅሙን ደረጃ 7 ላይ ታዩታላችሁ።

4. ማቅለሚያውን አዘጋጁ

«ሁሉም ነገር ሰማያዊ ሆነብኝ» የሚል መልእክት ሲመጣልኝ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው።

ሀ. ስቶክ፦ 1 ግራም ቶሉዲን ብሉ ኦ በ100 ሚ.ሊ 70 በመቶ ኢታኖል አሟሙ። ይህ ተዘግቶ ይቀመጣል።
ለ. የጨው ውሃ፦ 0.5 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ በ50 ሚ.ሊ ዲስቲልድ ውሃ አሟሙ። አሲዱን ጠብታ በጠብታ እየጨመራችሁ ፒኤቹን 2.3 ገደማ አድርሱ።
ሐ. የሥራ ማቅለሚያ፦ 5 ሚ.ሊ ስቶክ ከ45 ሚ.ሊ የጨው ውሃ ጋር ቀላቅሉ። ፒኤቹን እንደገና ለኩ። ከ2.5 መብለጥ የለበትም።

ፒኤቹ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው? ሄፓሪን ብዙ የሰልፌት ቡድን የተሸከመ ሞለኪውል ነው። ሰልፌት እንዲህ ባለ አሲዳማ ፈሳሽ ውስጥም ኔጌቲቭ ቻርጁን አይለቅም። የማቅለሚያው ሞለኪውሎች እሱ ላይ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ሲጠጋጉ ቀለማቸው ከሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ ይቀየራል። በዴርሚሱ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሞለኪውሎች ግን በአብዛኛው የካርቦክሲል ቡድን ነው ያላቸው። ያ በዝቅተኛ ፒኤች ቻርጁን ስለሚያጣ ማቅለሚያውን አይዝም። ፒኤቹ ወደ 4 ከወጣ እነሱም መያዝ ይጀምራሉ፣ ማስት ሴሉም በቀለም ውስጥ ይዋጣል።

የሥራ ማቅለሚያው የዕለቱ ብቻ ነው። ከተጠቀማችሁ በኋላ አስወግዱት፤ «ትንሽ ተርፏል» ብላችሁ ለነገ አታስቀምጡ።

5. ቅለሙ

ሀ. ፓራፊኑን በዛይሊን አውጡ፣ ሁለት ጊዜ፣ 5 ደቂቃ 5 ደቂቃ። ከዚያ በ100፣ በ95 እና በ70 በመቶ ኢታኖል እያወረዳችሁ ውሃ አድርሱ።
ለ. በማቅለሚያው ውስጥ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ አቆዩ።
ሐ. በዲስቲልድ ውሃ ሦስት ጊዜ እጠቡ። የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፤ ፒኤቹን ያዛባል።
መ. 95 በመቶ ኢታኖል ውስጥ 10 ጊዜ ነከር ነከር፣ ከዚያ 100 በመቶ ውስጥ 10 ጊዜ፣ በሌላ 100 በመቶ እንደገና 10 ጊዜ።
ሠ. ዛይሊን ሁለት ጊዜ፣ 3 ደቂቃ 3 ደቂቃ።
ረ. ማጣበቂያ ጠብ አድርጉ፣ ኮቨር ስሊፕ ክደኑ።

«መ» ላይ ፍጠኑ። ኢታኖል ይህን ቀለም ይነቅለዋል። ስላይዱን አልኮል ውስጥ ትቶ ስልክ ማንሳት ማለት ሥራውን ከመጀመሪያው መጀመር ማለት ነው። እጃችሁ ገና ካልለመደ ሌላ መንገድ አለ። ከውሃው ካወጣችሁ በኋላ ትርፉን ውሃ በማጣሪያ ወረቀት መጥጡ፣ ስላይዱን አየር ላይ ሙሉ በሙሉ አድርቁ፣ ከዚያ ቀጥታ ዛይሊን ውስጥ ክተቱ።

6. ከመቁጠር በፊት መቆጣጠሪያውን እዩ

የመቆጣጠሪያው ስላይድ ላይ ማስት ሴሎቹ ወይን ጠጅ፣ የቀረው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ መሆን አለበት። ካልሆነ ሌላውን አትዩ፤ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ጤነኛ ቆዳም ማስት ሴል አለው። ሙሉ ሴክሽን አይታችሁ አንድም ካጣችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ስቴይኑን ይሁን።

7. ለዩ

በ10 ኦብጀክቲቭ ሴክሽኑን በሙሉ ቃኙ። ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች በደም ሥሮች ዙሪያ ይታዩዋችኋል። ከዚያ ወደ 40 ግቡ። አንድ ሴል ማስት ሴል ነው የምትሉት ሁለቱን ሲያሟላ ነው፦ ኒውክለሱ ይታያል፣ በዙሪያውም ወይን ጠጅ ግራኑል አለ። ፎከሱን በትንሹ ከፍና ዝቅ ካደረጋችሁ ግራኑሎቹ ነጠላ ነጠላ ሆነው ይለያሉ።

የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው።

ሜላኒን። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ለምንሠራ ሰዎች ዋናው ፈተና እሱ ነው። እብጠት ወይም ቁስል በነበረበት ቆዳ ሜላኒን ወደ ዴርሚስ ይወርዳል፤ እዚያ ያሉ ማክሮፋጆች ይውጡታል። ግራኑል የሞላቸው ሴሎች ሆነው ቁጭ ይላሉ፣ ያውም እዚያው ላይኛው ዴርሚስ ላይ። ቀለማቸው ግን ቡናማ ወይም አረንጓዴ የቀላቀለ ቡናማ ነው እንጂ ወይን ጠጅ አይደለም። የቅንጣቶቹም መጠን የተለያየ ነው። ጥርጣሬ ከገባችሁ ያንን ያልተቀለመ ሴክሽን ፓራፊኑን አውጥታችሁ ከጎኑ እዩ። ሳይቀለም ቡናማ ሆኖ የሚታየው ሜላኒን ነው።

ፕላዝማ ሴል። ኒውክለሱ ወደ ጥግ የተገፋ ነው። ሳይቶፕላዝሙ ሰማያዊ ይሆናል እንጂ ግራኑል የለውም።

ቀጭን ማስት ሴልና ፋይብሮብላስት። በቅርጽ ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው ግራኑሉ ብቻ ስለሆነ በ40 ሳታረጋግጡ አትቁጠሩ።

የተበተነ ግራኑል። ወይን ጠጅ አቧራ አለ፣ ኒውክለስ ግን የለም። አትቁጠሩት። ከበዛ «ግራኑል የለቀቁ አሉ» ብላችሁ ለብቻ መዝግቡ፤ ናሙናው ሲወሰድ ታሽቶ ሊሆን ይችላል።

ቶሉዲን ብሉ አጥታችሁ ለወባ በተቀመጠው ጊምሳ ለመሥራት ካሰባችሁ፣ ይቻላል። የወባውን አሠራር እንዳለ ግን አትውሰዱ። ለወባ ፒኤች 7.2 ባፈር ነው የሚመከረው። ለቲሹ ሴክሽን ፒኤቹ ዝቅ ይላል፣ ከቀለማችሁም በኋላ ትርፉን ሰማያዊ በጣም በቀጠነ አሴቲክ አሲድ ማውጣት ያስፈልጋል። ቁንጭር ካለበት አካባቢ የመጣ ናሙና ከሆነ ደግሞ ሌሽማኒያ የሞላው ማክሮፋጅ በጊምሳ ከሩቅ ሲያዩት ማስት ሴል ሊመስል ይችላል። የሌሽማኒያ አማስቲጎት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ነው። በውስጡ ኒውክለስና ከጎኑ በትር የመሰለች ኪኔቶፕላስት አለችው። በዘይት ሌንስ ብታዩት ይለያል።

8. የምትቆጥሩበትን ስፋት ለኩ

«በፊልድ ስንት» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣው እዚህ ጋ ነው። የዓይን ሌንሱን ጠርዝ አንብቡ። 18፣ 20 ወይም 22 የሚል የፊልድ ቁጥር ተጽፎበታል። እሱን ለኦብጀክቲቩ አካፍሉ፤ የፊልዱን ዲያሜትር በሚ.ሜ ታገኛላችሁ።

የፊልድ ቁጥር 22፦ 22 ÷ 40 = 0.55 ሚ.ሜ። ስፋቱ 0.24 ካሬ ሚ.ሜ ገደማ።
የፊልድ ቁጥር 18፦ 18 ÷ 40 = 0.45 ሚ.ሜ። ስፋቱ 0.16 ካሬ ሚ.ሜ ገደማ።

በካሬ ሚ.ሜ 40 ማስት ሴል ያለው አንድ ቆዳ እንውሰድ። በመጀመሪያው ማይክሮስኮፕ በፊልድ 9 ወይም 10 ይሆናል፤ በሁለተኛው 6። ቆዳው ያው ነው። ፊልዱን ሳይነግሯችሁ «በፊልድ 6» ያሉ ጽሑፎችን ከራሳችሁ ቁጥር ጋር አታወዳድሩ።

ከክብ ፊልድ ይልቅ ግሪድ ይሻላል። 10 ሚ.ሜ ግሪድ በ40 ኦብጀክቲቭ ጎኑ 0.25 ሚ.ሜ፣ ስፋቱ 0.0625 ካሬ ሚ.ሜ ይሆናል። 16 ካሬ ልክ 1 ካሬ ሚ.ሜ ይሞላል፤ ሒሳቡም ይቀላል። ግሪዶች ግን ሁሉም አንድ ልክ አይደሉም፣ አንዳንድ ማይክሮስኮፕም በመሃል ተጨማሪ ማጉያ አለው። አንድ ጊዜ በስቴጅ ማይክሮሜትር አረጋግጡና ቁጥሩን ማይክሮስኮፑ ላይ ለጥፉት።

9. ቁጠሩ

ሀ. የስላይዱን ስም ሸፍኑ። የትኛው የታማሚ፣ የትኛው የጤነኛ እንደሆነ እያወቃችሁ የምትቆጥሩ ከሆነ ዓይናችሁ ያዳላል፤ ይህ ለማንም አይቀርም።
ለ. የግሪዱን የላይኛ ጠርዝ ኤፒደርሚስና ዴርሚስ የሚገናኙበት ላይ አሳርፉ። ካሬውን አንድ በአንድ እያንሸራተታችሁ ከሴክሽኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱ። ያ የመጀመሪያው ረድፍ ነው።
ሐ. 0.25 ሚ.ሜ ወርዳችሁ ሁለተኛውን ረድፍ ሥሩ። አሁን የላይኛውን 0.5 ሚ.ሜ ሸፍናችኋል።
መ. የግሪዱን የላይኛና የግራ መስመር የነካውን ሴል ቁጠሩ፤ የታችኛውንና የቀኙን የነካውን ተዉት። የደም ሴል በኒውባወር ቻምበር የቆጠረ ሰው ይህን ያውቀዋል። በድንበር ላይ ያለ ሴል ሁለቴ እንዳይቆጠር ነው።
ሠ. የተቀደደ፣ የታጠፈ ወይም ከግማሽ በላይ በፀጉር ሥር የተያዘ ካሬ ዝለሉ። የዘለላችሁትን ካሬ ስፋት ከሒሳቡም አውጡ።
ረ. ሁለተኛውን ደረጃ እንዲሁ ቁጠሩ።

«ማስት ሴል የበዛበትን ቦታ መርጬ ልቁጠር?» የሚሉኝ አሉ። ለምርመራ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ለጥናት ግን አይሆንም፤ የምትመርጡት እናንተ ስለሆናችሁ ውጤቱም የምርጫችሁ ውጤት ይሆናል።

ከስላይዶቹ የተወሰኑትን ሌላ ሰው ይቁጠራቸው። እኔ በሁለት ቆጣሪዎች መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካየሁ ሁለታችንም አንድ ላይ ቁጭ ብለን አጠራጣሪዎቹን ሴሎች እናያለን። ብዙ ጊዜ ጠቡ ኒውክለስ በሌለው ግራኑል ላይ ነው።

በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ኮምፒውተር ላይ ኢሜጅጄ በሚባለው የምስል መለኪያ ፕሮግራም መቁጠርም ይቻላል። ዙሙን ሳትነኩ ስቴጅ ማይክሮሜትሩንም አብራችሁ አንሱ። ያለዚያ የፎቶውን ስፋት የምታውቁበት መንገድ የለም።

10. አስሉ፣ ጻፉ

የተቆጠረውን ሴል በታየው ጠቅላላ ስፋት አካፍሉ። ለምሳሌ በ32 ካሬ 84 ሴል ብታገኙ ስፋቱ 2 ካሬ ሚ.ሜ ነው። ውጤቱ በካሬ ሚ.ሜ 42 ይሆናል። ሪፖርቱ ላይ ከቁጥሩ ጋር እነዚህ ይግቡ፦ የሰውነት ክፍል፣ ስቴይን፣ የሴክሽን ውፍረት፣ የተቆጠረበት ጥልቀትና ጠቅላላ ስፋት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሌላ ሰው በቁጥራችሁ ምንም ሊሠራበት አይችልም።

የተለመዱ ስህተቶች

የ15 ሴል ሕግን ቆዳ ላይ ማምጣት። 15 ወይም ከዚያ በላይ ማስት ሴሎች አንድ ላይ መከማቸት የሚለው መስፈርት ለሲስተሚክ ማስቶሳይቶሲስ (ማስት ሴል በውስጥ አካላት ለሚበዛበት በሽታ) ነው። የሚታየውም በአጥንት መቅኔ ወይም ከቆዳ ውጭ ባለ ሌላ አካል ላይ ነው። ለቆዳ ሁሉም የተስማማበት አንድ መቁረጫ ቁጥር የለም። ለዚህ ነው ከተመሳሳይ የሰውነት ክፍል የተወሰደ የጤነኛ ቆዳ ጎን ለጎን የሚያስፈልጋችሁ።

በቁጥር ብቻ በሽታ መሰየም። ማስት ሴል በቆዳ እብጠትም፣ በጠባሳም፣ በአንዳንድ ዕጢዎች ዙሪያም ይበዛል። ምርመራውን ፓቶሎጂስቱ ከታካሚው ሁኔታ ጋር አያይዞ ይወስን።

ጥልቀቱን መቀያየር። አንዱን ስላይድ ከላይ ብቻ፣ ሌላውን እስከ ስቡ ከቆጠራችሁ፣ ሴል የሳሳበት የታችኛው ዴርሚስ የሁለተኛውን አማካይ ያወርደዋል።

ስላይዱን አስቀምጦ በኋላ መቁጠር። የቶሉዲን ብሉ ቀለም በጊዜና በብርሃን ይደበዝዛል። ቶሎ ቁጠሩ፤ ፎቶም ያዙ።

ለኢሚውኖ ስቴይን ሠሪዎች

የትሪፕቴዝ አንቲቦዲ የመጀመሪያ ምርጫችሁ ይሁን፤ ቆዳ ላይ ማስት ሴልን በደንብ ይለያል። የሲዲ117 አንቲቦዲ ብቻ ካላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ሜላኖሳይትንም (ሜላኒን የሚሠራውን ሴል) ይቀልማል። ስለዚህ በኤፒደርሚሱ ሥር ተደርድረው የምታዩዋቸውን አትቁጠሩ።

ዳብ የሚባለው ክሮሞጅን (አንቲቦዲው ያለበትን ቦታ በቀለም የሚያሳይ ኬሚካል) ቡናማ ነው፤ ሜላኒንም ቡናማ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ሁለቱን መለየት ያደክማል። ቀይ ክሮሞጅን ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ካላገኛችሁ ከሄማቶክሲሊን ይልቅ በጊምሳ ወይም በአዙር ቢ ካውንተርስቴይን (የቀረውን ቲሹ የሚያሳይ ተጨማሪ ቅለም) አድርጉ፤ ሜላኒኑ ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ ይቀየራል፣ ዳቡ ቡናማ እንደሆነ ይቀራል።

የአንቲቦዲው መመሪያ በሙቀት አንቲጅን መመለስ (ፎርማሊን የሸፈነውን አንቲጅን በማፍላት ለአንቲቦዲው መግለጥ) የሚል ከሆነ አዲስ አበባ ያላችሁ አንድ ነገር አስቡ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ክፍት ማሰሮ ውስጥ ቢንተከተክም መመሪያው የሚለው ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ላይ አይደርስም። የግፊት ማብሰያ ተጠቀሙ። ወይም ጊዜውን አርዝሙና በመቆጣጠሪያ ስላይድ ሞክሩት።

ደግሞም ትሪፕቴዝ ጥቂት ግራኑል የቀራቸውን ሴሎች ጭምር ስለሚይዝ ቁጥሩ ከቶሉዲን ብሉ ከፍ ሊል ይችላል። ግማሹን ናሙና በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ሠርታችሁ በአንድ ሠንጠረዥ አታስገቡ።